ለብሰው በሩ ድረስ ይሂዱ፦ የእትዬ ይመልሱት የሕይወት ታሪክ

በዛሬው ዕለት የምንሸኛቸው ልብስ ሰፊ፣ ከባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸካሚ አባታቸውና የሆቴል አንሶላ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። የተወለዱባት ክፍል ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ጀርባ ስለነበረች፣ ግድግዳዋ ከእንፋሎቱ የተነሣ ዓመቱን ሙሉ ያልበው ነበር። ከአምስት ልጆች ሦስተኛ ናቸው። እናታቸው በሕይወት ሳሉ፣ «ይቺ ልጅ ስትወለድ አላለቀሰችም፤ መጀመሪያ የተጠቀለለችበትን ጨርቅ ስፌት አየች» እያሉ ያወሩ ነበር። ቤተሰቡ ለዚህ ምስክር ማቅረብ አይችልም፤ የተጠራጠረ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ለልደት በዓል ለችግረኛ ልጆች ስጦታ ይሰጣል ተብሎ በግቢው ተሰለፉ። የደረሳቸው በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ላስቲኩ የላላ የአዋቂ ሴት የዋና ልብስ ነበር። ወቅቱ ብርድ ነው፤ በአቅራቢያውም ውኃ የለም። በሰጪዋ ወይዘሮ ፊት ልብሱን ከፍ አድርገው ይዘው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንዲሉ ታዘዙ፤ አሉም። ቤት ሲደርሱ እናታቸው ዘርግተው አዩትና፣ «ጎሽ፣ የመስኮት መጥረጊያ አጥተን ነበር» አሉ። ሟች ያንን ቀን ሲያስታውሱ ስለ ልብሱ ብዙም አያማርሩም ነበር። የሚከነክናቸው ወይዘሮዋ በራሳቸው ደግነት ተነክተው ማልቀሳቸው ነው።

በአሥራ አራት ዓመታቸው ከአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ ለመማር ገቡ። ሽማግሌው መርፌ ከማስያዛቸው በፊት፣ «ልብስ በላዩ ይዋሻል፣ በውስጡ ይናዘዛል፤ ገልብጠሽ ሳታዪ አትፍረጂ» ብለው አስተማሯቸው። ሟች ይህን ምክር ከአንድ ቀን በስተቀር ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀዋል። ያንን ቀን በቦታው እንናገራለን። እንዲነገር ያዘዙትም ራሳቸው ናቸው፤ «ያንን ካልነገራችሁ ሌላውንም አትንገሩ» ብለውናል።

በሃያ ሦስት ዓመታቸው አንድ ቧንቧ ሠራተኛ አገቡ። ባለቤታቸው ጉልበቱ የተቀደደ አንድ ሱሪ አራት ጊዜ ለጥገና አምጥተው ነበር። በአራተኛው ጊዜ ሟች፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ጉልበት የምትቀደው በምላጭ ነው ወይስ በጥርስህ?» ብለው ጠየቁ። ቧንቧ ሠራተኛውም በምላጭ መሆኑን አመኑ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖሩ፤ ዛሬ ነርስ የሆኑትን አንዲት ሴት ልጅም አፈሩ። ባለቤታቸው ያረፉት የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው በፀጉር አስተካካዩና በቁልፍ ሠሪው መሐል ባለች ጠባብ ቤት የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። የስፌት መኪናቸው መስኮቱ ሥር ነበር። አንገት ያለ ገበር፣ ኪስ ያለ ድርብ ስፌት አይሰፉም። ደንበኛ «የሥራ ልብስ ነው፣ ግድ የለም» ካላቸው፣ «እኔም ሥራ ላይ ነኝ፣ ግድ አለኝ» ይሉ ነበር።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው፣ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ለልደት የሚሰበሰበውን ልብስ የሚለይ ባለሙያ እንደሚፈለግ ከጸሎት በኋላ አስታወቁ። ሟች በማግሥቱ መቀሳቸውን ይዘው ሄዱ። ክፍሉ ከአዳራሹ ሥር ነው፤ መሐሉ ላይ ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ የብል መድኃኒት ይሸታል፣ በጣሪያው በኩል ደግሞ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያልፋል። ቧንቧውን ባለቤታቸው ጠገኑት። ጠረጴዛው ላይ የሚወድቀውን የሚጠግን ግን አልነበረም።

ዚፑ የማይዘጋ ሱሪ መጣ። ብብቱ የወየበ ሸሚዝ መጣ። ባልንጀራ የሌለው ካልሲ በጆንያ መጣ። አንድ ዓመት ከአንድ የተከበረ ቤት፣ የሰርግ ኬክ ላይ የሚተከሉ የፕላስቲክ ሙሽራና ሙሽሪት አንገታቸው እንደተቆረጠ ተላኩ። ሰጪዎቹ በበዓሉ ዋዜማ ፊታቸው እየበራ ይመጣሉ፣ ከረጢታቸውን ያራግፋሉ፣ «ምስኪኖቹ ደስ ይላቸዋል» ይላሉ፣ ቁም ሣጥናቸው ቀሎላቸው ይመለሳሉ። «እግዚአብሔር ያለውን አንድ ልጅ በሰጠበት ቀን እኛ የበዛብንን እንጥላለን» ይሉ ነበር ሟች። «ቆሻሻ የሚወስደው መኪና በየሳምንቱ ይመጣ የለም እንዴ? ለምን ልደትን እንጠብቃለን?»

የልደቱ ታሪክ ሲነሣ ሌላው ሰው ኮከቡን ወይም ሰብአ ሰገልን ያስታውሳል፤ እሳቸው የሚያስታውሱት ጨርቁን ነበር። «እናቱ መንገደኛ ናት፣ ማደሪያ አጥታለች፤ ሕፃኑን የምትጠቀልልበት ጨርቅ ግን ነበራት። ከየት አመጣችው? አጥባ፣ አጥፋ፣ ለእሱ ብላ ከቤቷ ይዛው ወጣች እንጂ! በረቱ የሰው ነው፣ ግርግሙ የከብት ነው፤ ጨርቁ ግን የእሷ ነው።» ስብከት ሲረዝምባቸው ይህንኑ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው በሹክሹክታ ይሰብኩ ነበር፤ ብዙዎችም ከዋናው ስብከት ይልቅ ይህኛውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

ስለዚህ ሥርዓት አወጡ። አንድ ሰው ከረጢት ይዞ ሲመጣ፣ ሟች ከውስጡ አንድ ልብስ ይመዙና፣ «እስቲ ይልበሱትና በሩ ድረስ ደርሰው ይመለሱ» ይላሉ። ከጠረጴዛው እስከ በሩ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ለብሶ የተመለሰ ሰው ከረጢቱ ይወሰድለታል። ለመልበስ ያፈረ ሰው ደግሞ «ይመልሱት» ይባላል። «እትዬ ይመልሱት» የሚለው ስም የወጣላቸው ከዚህ ነው፤ ሟችም አልጠሉትም።

አንዲት የባንክ ሠራተኛ ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ለብሰው መንገዱን ካጋመሱ በኋላ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ቤታቸው ተመልሰውም የሚወዱትን ሹራብ አጥበው አመጡ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ግን፣ «ለእኔ አይደለማ! ለድሃ ነው እንጂ!» ብለው ጮኹ። «ድሃ ስንት ክንድ አለው?» አሏቸው ሟች። ባለ መድኃኒት ቤቱ ከዚያ ወዲህ ልግስናቸውን ወደ ሌላ ሠፈር አዙረዋል፤ የዚያን ሠፈር ሰዎች እግዚአብሔር ያጽናቸው።

የልደት ስጦታ ኮሚቴው ሊቀመንበር የቤት ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ ዛሬም ከፊት ተቀምጠዋልና ጤናቸውን ያብዛላቸው። እሳቸው አንድ ዓመት አርባ ብርድ ልብስ አመጡ። ብርድ ልብሱ አዲስና ወፍራም ነበር፤ ሟች ራሳቸው ተጠቅልለውበት በሩ ድረስ ሄደው አመሰገኑት። ነገር ግን በእያንዳንዱ ላይ የእሳቸውና የመደብራቸው ስም በቀይ ክር በትልቁ ተጠልፎበታል። ሟች፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው ለሁለት ሳምንት ከሰዓት በኋላ እየተቀመጡ ፊደሉን አንድ በአንድ ተረተሩት። በበዓሉ ቀን ሊቀመንበሩ ፎቶ አንሺ አስከትለው መጡ። ልጆች ተሰልፈው የምስጋና መዝሙር ዘመሩ፤ ፎቶው አልወጣም ተብሎ ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ብርድ ልብሱ ተዘረጋ።

«ስሜ የታለ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እግዜር ዘንድ ነዋ» አሉ ሟች። «እዚያ ካልተጻፈ እዚህ ምን ያደርግልዎታል?»

በዚያ ቀን ከተነሣው ፎቶግራፍ ላይ የማይስቁት ሊቀመንበሩ ብቻ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሟች በዚህን ጊዜ ንቀቱ ጣፍጧቸው ነበር። ሰው በእነዚያ አሥራ ሁለት እርምጃዎች መካከል ሲቀላ ማየት በዓላቸው ሆኖ ነበር።

አሁን ያንን ቀን እንናገር። ሟች ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። የልደት ዋዜማ ስለሆነ ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። ከአደባባዩ ማዶ ያለውን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ የሚጠርጉት ሴት በስስ ሹራብ ብቻ ሆነው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ካፖርት ይዘው ገቡ። ሟች ካፖርቱን ዘረጉት። የእጅጌው ጫፍ ቀለሙን ለቋል። ገልብጠው አላዩትም። «እስቲ ይልበሱትና በሩ ድረስ ደርሰው ይመለሱ» አሉ፤ ሌላው እንዲሰማም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ከረጢት ይዘው ከቆሙት አንዳንዶቹ ሳቁ።

ጠራጊዋ ካፖርቱን ለብሰው እስከ አንገታቸው ቆለፉት። እንደ ገዛ ቆዳቸው ልክ ሆነላቸው። «አሥራ አንድ ክረምት ለብሼዋለሁ እኮ፣ እትዬ» አሉ። «በሩን አያጣውም።» ከዚያ በሩ ድረስ ሄዱ። አልተመለሱም።

ሲወጡ በሩን ሊከፍቱ እጃቸውን ዘረጉና የእጅጌው ጫፍ ወደ ውጭ ተቀለበሰ፤ ሟች ውስጡን ያዩት ያኔ ነው። ጫፉ ተገልብጦ እንደ አሸዋ በደቀቀ የእጅ ስፌት ተመልሶ ተሰፍቷል። ገበሩ አዲስ ነው፤ ከዚያች ቀን በፊት ምንም እጅ አልገባበትም። ለሚቀበለው ሰው ተብሎ የተሠራ ሥራ ነበር። በዚያ ዓመት ወደዚያ ጠረጴዛ አንድ እውነተኛ ስጦታ መጣ፤ ሟች እሱን መለሱት።

በበዓሉ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። በማግሥቱ ወደ ሕንፃው ሄዱ። ጠራጊዋ ከላይ ሆነው አዩዋቸውና ባልዲያቸውን በደረጃው ላይ ደፉ። «እርጥብ ነው፣ አይውጡ» አሉ። በሳምንቱም እርጥብ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እርጥብ ነበር። ልጃቸው፣ «እማዬ፣ ሴትዮዋ እምቢ ብለዋል፤ በቃ ተዪው» ሲሏቸው፣ «እሳቸው ይቅር ሳይሉኝ እዚያ ጠረጴዛ ጋ አልቆምም። በምን አፌ ነው ሌላውን ይመልሱት የምለው?» ይሉ ነበር።

በመጨረሻ ከሱቃቸው ምርጡን ጨርቅ ቆርጠው አዲስ ካፖርት ሰፉና ይዘው ሄዱ። ጠራጊዋ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ አስወጥተው ካፖርቱን ተመለከቱት። «እስቲ እርስዎ ይልበሱትና ታች ደርሰው ይመለሱ» አሉ። ሟች ካፖርቱን ለበሱ፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በእርጥቡ ደረጃ ወረዱ፤ እያለከለኩ ተመልሰው ወጡ።

«ያምራል» አሉ ጠራጊዋ። «ይመልሱት። እኔ ካፖርት አጣሁ ብዬ ነው እንዴ የመጣሁት? ልስጥ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሟች እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ ቀሚሳቸው ራሰ። «እንግዲያው ለእኔ ይስጡኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«የመለስኩትን።»

«ምን ሊያደርግልዎ? ልብስ ሰፊ አይደሉ እንዴ!»

«በረደኝ» አሉ ሟች።

ጠራጊዋ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ አሮጌውን ካፖርት ደረጃው ጥግ ካለው ምስማር አውርደው ሰጧቸው፤ ራሳቸውም እንዳይበርዳቸው አዲሱን ወሰዱ። በሚቀጥለው ሳምንት ደረጃው ደረቅ ነበር።

በተከታዩ ልደት ሟች ያንን ካፖርት ለብሰው ከፊት ረድፍ ተቀመጡ። የሊቀመንበሩ ባለቤት ጎንበስ ብለው፣ «ምነው እትዬ፣ ቸገረዎት እንዴ?» ሲሏቸው፣ «ኧረ ተሰጠኝ» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህ ለአሥራ ስምንት ዓመት ሁለቱ ሴቶች ከጠረጴዛው ኋላ ጎን ለጎን ቆሙ። ልብስ ሁሉ መጀመሪያ ይገለበጣል። ሥርዓቱም ተሻሻለ፤ በእግሩ የመጣ ሰው አይጠየቅም። በመኪና የመጣው ግን አሥራ ሁለቷ እርምጃ አልቀረችለትም፤ ሟች ንስሐ ገቡ እንጂ ዓይናቸው አልታወረም።

ከሁለት ዓመት ወዲህ የልብ ሕመም አድክሟቸው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ኮሚቴው ወደ ሆስፒታል ከላከው የአበባ እቅፍ ላይ «ለመደብርዎ መከፈት እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ካርድ ተረስቶ ነበር። ሟች ካርዱን አንብበው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ሐኪሙም ሳቅ እንዲቀንሱ አዘዙ። ሌላውን ትእዛዝ ሁሉ ፈጽመዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ልጃቸው አንድ እጃቸውን ደረጃ ጠራጊዋ ሌላውን እንደያዙ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም አረፉ። የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። ልጃቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ታናሽ ወንድማቸውና እህታቸው ደረጃ ጠራጊዋ በሐዘን ቀርተዋል። በሥጋ አይዛመዱም የሚል ካለ፣ ቤተሰቡ አጣርቶ የጻፈው መሆኑን ይወቅ።

ኮሚቴው የልደት ስጦታ ቀን ከእንግዲህ በሟች ስም እንዲጠራና ስማቸው በከረጢቶቹ ላይ እንዲታተም መወሰኑን ትናንት በደብዳቤ አሳውቆናል። ቤተሰቡ ያመሰግናል፤ አይቀበልም።

አንድ ልጁን ያልሰሰተ አምላክ የልብስ ሰፊዋን ነፍስ በቸርነቱ ይቀበል፤ ጥፋታቸውን በሰው ፊት አልሸሸጉምና እርሱ ይሸፍንላቸው። እኛን የቀረነውንም፣ የማንፈልገው ዕቃ በእጃችን በተገኘ ቁጥር ድሃ ፍለጋ ከመውጣት ይሰውረን። አሜን።