የሐሙስ የሻይ ተራዬን ስለወሰደብኝ የቴሌቪዥን ትርዒት

ለክቡር ሚስተር ክሪስፒን ሃዝልዲን
የቴሌቪዥን ጣቢያው የመዝናኛ ዝግጅቶች የበላይ ኃላፊ
ለንደን

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ የተከበረው ቤተሰብዎም፣ ጋዜጦች እንደሚሉት ከመቼውም ጊዜ በላይ ያደገው የተመልካች ቁጥርዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኔ የጠየቀኝ ባይኖርም፣ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ደክሞኛል እንጂ። ድካሙ ደግሞ የሥራ አይደለም፤ ሥራማ ለምጄዋለሁ።

ስሜ ካንታ ሶላንኪ ይባላል። እዚህ ሌስተር ውስጥ የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት ቤት አንሶላ በማጠፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ከመሥሪያ ቤትዎ በተላከልኝ ያማረ ወረቀት ላይ “ ‘የጋራ ቤት’ የብሪታንያን ማኅበረሰብ ያንጸባርቃልን?” በሚል ርዕስ በመጪው ሐሙስ በሚቀረጽ ልዩ ውይይት፣ በአንድ ፕሮፌሰርና በአንድ ኮሜዲያን መካከል ተቀምጬ፣ “እንደ አንዲት ተራ እስያዊት እናት” ለሁለት ደቂቃ ያህል ሐሳቤን እንድሰጥ በአክብሮት ተጋብዣለሁ። በማግስቱም ፖፒ የምትባል ትሑት ልጅ ከእርስዎ ዘንድ ደውላልኝ ነበር። “ደመቅ ያለ የባህል ልብስ ቢለብሱ ለካሜራ ያምራል፤ ስሜትዎ ከመጣም አይያዙት፣ ማልቀስ ይቻላል” ብላኛለች። ለማልቀስ ፈቃድ ተሰጥቶኝ ስለማያውቅ፣ በዚህ አጋጣሚ ምስጋናዬን ለማቅረብ እወዳለሁ።

ሆኖም ሁለት ደቂቃ ስለማይበቃኝ መልሴን በጽሑፍ፣ ቅጂውንም ለከተማችን ጋዜጣ፣ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ስለ መስታወትዎ። ብዙ ዝግጅት ስለሚመሩ ዘንግተውት እንደሆነ ላስታውስዎ፤ “የጋራ ቤት” ማለት አሥር የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቤት ተዘግቶባቸው፣ አገር ምድሩ ሥራ እንደፈታ ጎረቤት ቀን ከሌት የሚያያቸው ትርዒትዎ ነው። ዘንድሮ ከገቡት መካከል ሂረል የምትባል የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነበረች፤ እንደ እኔው ወገኖቿ ከሕንድ፣ ከጉጃራት የመጡ፣ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ እንግሊዝ ፕሬስተን ነው። ሼርሊን የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅም ነበረች። በሁለተኛው ሰኞ ሂረል ሊጥ በእጇ አቡክታ፣ ቂጣ ጋግራ፣ ምስር ሠርታ ለቤቱ ሁሉ አቀረበች። ሼርሊን “ኧረ ያ እጅ የት ሲገባ እንደዋለ ማን ያውቃል? እኔ አፌ ላይ አላደርሰውም” አለች። ጓደኞቿ ሳቁ። ድስቱ እንዳለ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተገለበጠ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ሂረል የነካችው ኩባያ ሁሉ በበረኪና እየታጠበ ለብቻው ይቀመጥ ጀመር። እናንተም ይህንን ሁሉ ፈንጠዝያ በሚመስል ሙዚቃ አጅባችሁ አሳያችሁን፤ ላመለጠውም ሰው በማግስቱ ደገማችሁለት።

ሕዝቡ ሲጮህ እርስዎ ለጋዜጣ “እኛ መስታወት ነን፤ ያሳየነው ያለውን ነው” ብለዋል። በጣም ጥሩ መስታወት ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ቤት መታጠቢያ ክፍል የተሰቀለው መስታወት ግን በሺህ ከሚቆጠር አመልካች መካከል ማን ከማን ጋር እንደሚጣላ አጥንቶ አሥር ሰው አይመርጥም፤ በመሃልም “ጣቢያ አይቀይሩ፣ ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን” ብሎኝ አያውቅም።

ሁለተኛ፤ የአገሪቱን ዘረኛ ፈልጋችሁ ስላገኛችሁልን። አንድ ብቻ መሆኗን ማወቃችን ትልቅ እፎይታ ነው። ሼርሊን ከቤቱ ስትባረር ኮት ጭንቅላቷ ላይ ጥላ ስትሮጥ አየን፤ ፎቶዋ በየጋዜጣው ፊት ወጣ፤ እናቷ የምትሠራበት ሱቅ መስኮት ተሰበረ። ያን ሳምንት እኛ መሥሪያ ቤት ያልሰደባት አልነበረም። “ነውረኛ! አገራችንን አዋረደችን” ይባባሉ ነበር፤ የሥራ ጓደኛዬ ግሌኒስ የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፋ በራሷ ቴምብር ልካለች፤ ከእርስዎ ዘንድም የምስጋና መልስ መጥቶላታል። እኔም ከነሱ ጋር ተቀምጬ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ወገነልኝ ብዬ። ሞኝ ነበርኩ፤ ደስታዬም ከሁለተኛው ሐሙስ አላለፈም።

ሦስተኛ፤ ይህኛው ረዘም ስለሚል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኛ አንሶላ የምናጥፍ አምስት ሴቶች ነን፤ አለቃችን ዴሪክ ሲጨመር ስድስት ኩባያ ይሆናል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለእያንዳንዳችን አንድ የሻይ ቀን አለን፤ የኔ ሐሙስ ነው። ባለተራዋ ለሁሉም ታፈላለች፣ የማን ወተት ይበዛል፣ የማን ስኳር ሁለት ነው፣ በቃሏ ታውቃለች። ለራስ ብቻ ማፍላት በእኛ ዘንድ ከስርቆት እኩል ነው። ከተራው ለመሸሽ ደግሞ የማይደረግ ነገር የለም፤ መታጠቢያ ቤት ይገባል፣ ስልክ ይመጣል፣ ወገብ ይያዛል። ክቡርነትዎ አንድ ነገር ልመስክር፤ በዚህ አገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንግሊዛዊ ሰው የሌላውን የሻይ ተራ በፈቃዱ ሲወስድ አይቼ አላውቅም ነበር።

ትርዒቱ ከታየ በኋላ በመጣው የመጀመሪያው ሐሙስ የሻይ ማፍያውን ልሞላ ስነሳ አንደኛዋ ተነሥታ “ተቀመጪ ዳክዬዬ፣ ደክሞሽ የለ፣ እኔ ላፍላ” አለችኝ። በከተማችን ሰው ሰውን ሲያቀርበው “ዳክዬዬ” ነው የሚለው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለማንሱክ ነገርኩት፤ እሱ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ “ተራሽን? እንዲያው በነፃ? ምን ፈልገው ነው?” አለኝ። ክፉ ጠርጣሪ ነህ ብዬ ተቆጣሁት። በሁለተኛው ሐሙስ ደግሞ ሌላዋ “ጉልበትሽን አታድክሚው” ብላ ማፍያውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ጉልበት ሻይ አያፈላም፤ እጅ ነው የሚያፈላው። ያን ጊዜ ገባኝ።

በሦስተኛው ሐሙስ፣ ማለትም ባለፈው ሳምንት፣ ማንም ሳይቀድመኝ ገብቼ አፈላሁ። ስድስት ኩባያ ሞልቼ በየፊታቸው አስቀመጥኩ። “ኧረ ተባረኪ” ተባልኩ፤ “ወርቅ ነሽ” ተባልኩ። ዕረፍቱ ሲያልቅ አራቱ ኩባያ እንደሞላ ቀዝቅዞ ቀረ። አንድም ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም፤ ሁሉም ፈገግ እያለ ነው ወደ ሥራው የተመለሰው።

ሻዩን ደፍቼ ወጣሁና መሐረቤን ረስቼ ስመለስ፣ ግሌኒስ ጀርባዋን ሰጥታኝ ኩባያዋን በበረኪና ትፈትጋለች።

ግሌኒስ ማን እንደሆነች ይወቁልኝ። ማሽን የማይችለውን ትልልቁን አንሶላ ሁለት ሰው ነው የሚያጥፈው፤ ሁለቱን ጫፍ እሷ ትይዛለች፣ ሁለቱን እኔ፣ ወደ መሃል እንመጣና ጫፉን ታቀብለኛለች። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ እጃችን ይገናኛል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ተገናኝቷል። ባሏ ሬይ ታሞ የተኛ ጊዜ፣ እሷ አልጋው ሥር ወንበር ላይ እንቅልፍ ሲጥላት፣ ሾርባ በማንኪያ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። እሱም “ያንቺ ይሻላል፣ ለሷ ግን አትንገሪ” ይለኝ ነበር።

ዞር ስትል አየችኝ። ኩባያውን አልደበቀችም። “ካንታ፣ እኔ ራሴን አላውቀውም” አለች። “አውቅሻለሁ እኮ። ሬይ በማን እጅ በልቶ እንደሞተ አውቃለሁ። ግን ያቺ ባለጌ እንዲያ ካለች ወዲህ እጅሽን ሳይ ንግግሯ ነው የሚመጣብኝ። ሞኝነት ነው፤ ሞኝነት መሆኑን እያወቅሁም ይመጣብኛል።” ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር። እኔ “እሺ” ብቻ አልኳት። መሐረቤን አንሥቼ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ግን አለቀስኩ፤ ያኔ ካሜራ ባለመኖሩ ፖፒን ይቅርታ ጠይቁልኝ።

አራተኛ የሚባል አቤቱታም ነበረኝ። ከዚህ በኋላ ሳነበው ኢምንት ሆነብኝና ተውኩት።

እንግዲህ ያንጸባርቃል ወይ ላሉት ጥያቄ። ክቡር ሆይ፣ እኔ አላውቅም። ግሌኒስ ዘረኛ ናት ብዬ ባገር ፊት ብናገር ሐሰት ይሆንብኛል። አይደለችም ብልም ኩባያውን በዓይኔ አይቻለሁ። በልጅነቴ ሕንዶች ናችሁ ተብለን ከኡጋንዳ ተባርረን እዚህ ስንገባ የሚሰድቡን ነበሩ፤ ሰዳቢውን በመልኩ አውቀው ስለነበር ሳየው መንገድ እሻገር ነበር። ከግሌኒስ ወዴት ልሻገር? አንሶላውን ማን ይይዝልኛል? የሆነው ነገር ቀድሞም በውስጧ ተኝቶ የነበረ ይሆናል፤ እናንተ ናችሁ ያስገባችሁትም ሊሆን ይችላል። ፕሮፌሰሩ ይወቁት። እኔ የማውቀው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሻዬን ስትጠጣ መኖሯን ነው። ዘረኝነትን በስቱዲዮ መብራት ሥር መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ እኛ ዘንድ በየቤቱ በፈገግታ “ተቀመጪ፣ አትድከሚ” ይላል። ያደከመኝም እሱ ነው። ስድብን መልስ ይሰጡታል፤ ደግነትን ምን ብዬ ልመልሰው?

ግብዣዎን የማልቀበልበትን ምክንያት በዚሁ ልግለጽ። ትናንት፣ በራሷ ተራ ቀን፣ ግሌኒስ ሻዬን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና ቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ሐሙስ አፍይልኝ። አጠገቤ ተቀመጪ፣ እያየሽኝ ልሞክረው። ካቃተኝም እያየሽኝ ይቃተኝ፤ ከጀርባሽ ኩባያ መፈተግ ግን በቃኝ” አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሠራሁበት ጠረጴዛ ተነሥቼ ልሂድ ወይስ ልቆይ የምወስነው በዚያ ኩባያ ነው። ግብዣዎ ላይ እንዳነበብኩት ቀረጻው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ደግሞ ተራዬ ነው፤ የምቀመጠውም ግሌኒስ አጠገብ ነው።

በአገር ፊት እንድታይ ስለተመኙልኝ፣ ልብሴን ስለመረጡልኝ፣ የሁለት ደቂቃ ብሪታንያን ስለቆረሱልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ትርዒትዎ ዕድሜው ይርዘም፣ ስፖንሰሮችዎ አይራቁ፣ ኅሊናዎም እንደ እስካሁኑ በሰላም ይረፍ እያልኩ፣ ለጉልበቴ በሚመቸው መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የእርስዎ የቀድሞ ተመልካች፣ ተራ እናት፣
ካንታ ሶላንኪ
ሌስተር

ማሳሰቢያ፤ የጥናት ድርጅት ቀጥራችሁ የትርዒቱን ተጽዕኖ ሁለት ሺህ ሰው ልታስጠይቁ መሆኑን ከፖፒ ሰምቻለሁ። ድካም እንዳይበዛባችሁ ብዬ እኔ ያደረግሁትን ትንሽ ጥናት ያለ ክፍያ አበረክታለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከኔው ሌላ ተጠጥቶ ያለቀ አንድ ኩባያ ነበር፤ የአለቃችን የዴሪክ። ኩባያውን ሲመልስልኝም “ስኳሩ ትንሽ አነሰ፣ ዳክዬዬ” ብሎ ከመውቀስ በቀር ምንም አላለኝም። ዴሪክ ከእኛ ሁሉ የተሻለ ሰው አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶበት ሳያሠራው ቀርቶ ነው።