በየጠዋቱ የሚበራው የባህሩዲን ስም

ለተከበሩ አቶ ጌቱ፣
የቤት ለቤት ኮምፒውተር ጥገና ድርጅት ባለቤት፣
ዌስት ሴንት ፖል

ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ የጸና፣ ሠራተኞችዎም የበረቱ እንዲሆኑ ምኞቴ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከባለቤቴ ከባህሩዲን በቀር። እሱ በፌብሩዋሪ በድንገተኛ የልብ ሕመም ሞቷል። ይህን ለቢሮዎ ሦስት ጊዜ ስላሳወቅሁ እንደ አዲስ ወሬ እንደማይቆጥሩብኝ አምናለሁ። በአደባባይ የምጽፈውም ለእርስዎ ብቻ የላክሁት መልስ ስላላገኘ ነው።

1. በመጀመሪያ ስለ ትጋታችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ሴዳር ሪቨርሳይድ ያለው የሱቃችን ኮምፒውተር በቫይረስ ተይዞ አልነሳ አለ። ባለሙያችሁ መርጋ በሰዓቱ መጣ። "ምን ላድርግልዎ እትዬ?" ሲለኝ "እንደነበረ አድርግልኝ" አልሁት። የታዘዘውን ፈጸመ። ሟቹ ይጻጻፍበት የነበረው ሜሴንጀር ሳይቀር ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር በስሙ እንዲነሳ አድርጎ ሄደ።

2. ስለ ጥንቃቄያችሁ። ማንም እንዳይነካካው ተብሎ የማሽኑ ፕሮግራሞች እንዳይጠፉና እንዳይለወጡ እናንተ ብቻ በምታውቁት የይለፍ ቃል ተቆልፈዋል። ሜሴንጀሩን እንዲያጠፋልኝ ሌላ ባለሙያ ብጠራ "ያለ ይለፍ ቃሉ አልችልም" ብሎኝ ሄዷል። የሱቁ የዕቃ ዝርዝር እዚያ ውስጥ ስላለ ሳልከፍተው መዋል አልችልም። የምከፍተው በዚህ በሰው አገር ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ደሴ አሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል፤ የባህሩዲን እኅት ከሚሪያ ከሥራ ወጥታ ኢንተርኔት ቤት የምትቀመጥበት ሰዓት። እኔ ደርሼ ሜሴንጀሩን እስክዘጋው ድረስ፣ ከወንድሟ ስም አጠገብ "አለሁ" የሚለው አረንጓዴ መብራት ይበራላታል።

ከሚሪያ እርጉዝ ነበረች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷት ስለነበር ሽማግሌዎች መርዶው ከመውለዷ በፊት እንዳይነገራት ወሰኑ። የአገር ልጆች ስለሆናችሁ ይህን ማስረዳት ባላስፈለገኝ ነበር። ሆኖም አስረዳሁ።

3. ስለ ሥርዓት አክባሪነታችሁ። ስሙን አጥፉልኝ ብል ቢሮዎ ያለችው ልጅ "አካውንቱ የእሳቸው ስለሆነ ራሳቸው ካልደወሉ አንነካም" አለችኝ።

"ሞቷል እኮ" አልኋት።

"ይገባኛል፤ ግን ፖሊሲ ነው" አለች።

የሞት የምስክር ወረቀቱን ፋክስ አደረግሁ። በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፦ "ክቡር አቶ ባህሩዲን፣ በአገልግሎታችን ረክተዋል?"

4. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ በእናንተ ላይ ብቻ ብደረድር ደግ አይሆንም። ከሚሪያ ሁለት ወር ሙሉ በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ጻፈች። መጀመሪያ ስለ ጤናዋ፣ ኋላ ስለ ዝምታው። ስምንተኛ ወሯ ሲገባ "ወንድምዓለም፣ በርተህ እያየሁህ የማትመልስልኝ ምን በድዬህ ነው? እህል አልወርድ ብሎኛል" አለች። ለፅንሱ ፈራሁ። "ደህና ነኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው" ብዬ ጻፍሁ። በዚያ ፊደል የማን እጅ እንደሆነ አይለይም። አንድ ቀን ብቻ ነበር ሐሳቤ። ከዚያ ወዲያ ግን ጠዋት ማሽኑን ስከፍት ለመዝጋት መቸኮሌን ተውሁ።

ስለዚህ ድርጅትዎ በሚመቸው ቀንና ሰዓት አንድ ሰው ልኮ ያንን ስም እንዲያጠፋልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ቢቻል ማሽኑን ሲከፍት እኔ ሱቁ ውስጥ ባልኖር እመርጣለሁ።

ሦስት ጊዜ አመልክታ ሦስት ጊዜ "ስለደወሉልን እናመሰግናለን" የተባለች፣ ታዛዥ ደንበኛዎ፣
ከድሪያ
ኦገስት 2006

ማስታወሻ፦ ከሚሪያ ወንድ ልጅ በሰላም ወልዳለች። አርባዋ እንደወጣ ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ቤቷ ሄደው መርዶውን ነገሯት። አላለቀሰችም። "ስወልድ 'እንኳን በሰላም ተገላገልሽ' ያለኝ ማን ነው ታዲያ?" ብላ ቁርስ አቀረበችላቸው። ስልክ ደውዬ እኔ እንደነበርሁ ብነግራትም ውሸታም ብላ ዘጋችብኝ። ራሱ ካልነገረኝ አላምንም ትላለች። ድርጅትዎም ራሱ ካልደወለ አልነካም ይላል። ሁለታችሁ በአንድ ቃል ጸንታችኋል፤ የሚጠበቀው ባህሩዲን ብቻ ነው። እሱም በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት ይገኛል።