የመጨረሻው ገጽ ገና ማተሚያ ቤት ነው

ለውድ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን ነው የምጠይቀው። ዓይንሽስ ተሻለው? ደብዳቤዎቼን ጋሼ ራሳቸው ጮክ ብለው እንደሚያነቡልሽ ጽፈውልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ባል እንዲህ ነው። የጓሮ በራችሁ አሁንም ይጮኻል? ባለፈው ስመጣ ልብስ ላሰጣ በወጣሁ ቁጥር ከሳሎን "ማነው?" ይሉኝ ነበር።

እኔ ደህና ነኝ። ማተሚያ ቤት ረዳት አራሚ ሆኛለሁ። አለቃዬ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ በእርሳስ እከተላለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ ይኸው እርሳስ ጨበጥኩ እያልኩ ብስቅም፣ ጠዋት ጠዋት እየሮጥኩ ነው የምገባው። የያዝነው ያኔ በስልክ ያጫወትኩሽን፣ የኮሪያ ሴቶች የጻፏቸውን አጫጭር ልብ ወለዶች ነው። አለቃዬ፣ "እነዚህ ሴቶች ለማስፈራራት ጭራቅ አያሻቸውም፤ የተወለወለ ሳሎን ይበቃቸዋል" ትላለች። እውነቷን ነው። ድምጿ በየቀኑ እየሳሳ የሚሄደውን ሴትዮ ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ፣ ሰው ቤት ገብቼ ዝም ያለች ሴት ካየሁ ዓይኔን መንቀል አቅቶኛል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ባሏ "ደክሟት ነው" እያለ የሚመልስላት፣ አስታወስሻት?

የእሷን ታሪክ ገጾች ልኬልሽ ነበር፤ መጨረሻው ብቻ ገና ስላልታተመ ቀረ። ከዚያ በስልክሽ መልእክት መጣልኝ፦ "ስልኬ ድምፅ አያሰማም፣ አትደውዪ። ደክሞኛል። ታሪኩ ጥሩ ነው፤ መጨረሻውን ግን እንዳትነግሪኝ።"

እትዬ፣ አንቺ? ከልጅነታችን ጀምሮ መጽሐፍ ከጅራቱ የምትጀምሪው፣ የዚህንም መጨረሻ ገና ድሮ አስለፍልፈሽኝ የጨረስሽው? ትዳር ሰው ይለውጣል ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። አራሚ ሲሆኑ ሁሉም ነገር ይጠረጠራል፣ ምን ላድርግ።

ለማንኛውም እሁድ ከሰዓት ልንጠይቃችሁ እንመጣለን። አጎታችንና አለቃዬ አብረውኝ ናቸው፤ ሁለቱም ወሬ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም፣ ጋሼ ሳሎን ያጫውቱልናል። የማተሚያ ቤቱ መኪና የፊት ለፊቱ መንገድ ስለሚጠበው በጓሮ በኩል ይቆማል። ሹፌሩ ከወንበሩ የማይነሳ ሰው ነው፣ ግባ ብላችሁ አትድከሙ። ደግሞ ቤት ተከራይቻለሁ፣ ባለ ሁለት ክፍል። አንደኛው ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፤ ለጊዜው ባዶ ነው።

ልረሳው ነበር። የታሪኩን መጨረሻ የነገርኩሽ ቀን "እንዴት ዝም አለላት?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ተርጓሚዋን ጠየቅኋት። "በዋዜማው ዘይት ጠብ አድርጋበታለች" አለችኝ።

እግዜር ድምፅሽን ይጠብቅልኝ። ይህን እስከዚህ ላነበቡልሽም ለጋሼ ጉሮሯቸው አይድረቅ።

እሁድን የምትቆጥር
ታናሽ እህትሽ