የአባባ ጀልባ፣ ክረምት ሳይገባ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11 ቀን 2001

ገለበጥናት። ስምንት ወንድ ፈጀ፤ እኔን ሳይጨምር። ውሃ ስትጠጣ የከረመች ጀልባ እንዲህ ትከብዳለች ብዬ አላሰብኩም። አሁን ወንዙ ዳር ካለው ሾላ አጠገብ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ ተደፍታለች።

አባባን ትናንት ከፍኖተ ሰላም አመጣኋቸው። እስከ ጅጋ በመኪና፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ተደናቀፉ። ጫማው ነው አሉ።

ይቺን ጀልባ ከአሥር ዓመት በፊት ለዚህ ቀበሌ የሠሯት እሳቸው ናቸው። ልጅ ሳሉ ዘጌ፣ አጎታቸው ዘንድ፣ ጀልባ መሥራት ተምረዋል። ፍኖተ ሰላም ከገቡ ወዲህ ግን ሥራቸው በርና መስኮት፣ አልጋ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ የሬሳ ሣጥን ነው። ጀልባ ይቺን ብቻ ሠሩ። እኔም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ እዚህ ቀበሌ ስመደብ የአባቴ ጀልባ እንደምትጠብቀኝ አላውቅም ነበር።

ወንዙ ክረምት ሲሞላ ማዶ ያሉት ሦስት ጎጦች ይቆረጣሉ። ያለ ጀልባ ክትባት የለም። ባለፈው ነሐሴ፣ መሃል ወንዝ ላይ ሳለን፣ ጀልባዋ ውሃ አስገባች። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ላይ ይዘው ሲጮሁ እኔ በክትባት ሣጥኑ ክዳን ውሃ እቀዳ ነበር። ደረስን፤ የሞተ የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የሚሳፈር ጠፋ። መስከረም መጨረሻ ላይ ውሃው ጎድሎ በእግሬ ስሻገር ኩፍኝ ማዶ ከአንድ ቤት ሁለት ሕፃናት ወስዶ ጠበቀኝ። የአንዷ ስም መዝገቤ ላይ አለ፤ ቀጠሮዋ ነሐሴ ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ደመናው ከአሁኑ ይሰበሰባል። ደክሞኛል፤ ገና ምንም ሳንጀምር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12

ሚካኤል ነው። አባባ አንድ ምስማር ሊነቅሉ ሲሉ አንድ ሽማግሌ ከማሳቸው እየሮጡ መጡ። በሚካኤል ብረት ከተመታ በረዶ ይጠራል አሉ። አባባ ይቅርታ ጠየቁና መዶሻውን አስቀመጡ።

ስለዚህ ጀልባዋን ሲዳስሱ ዋሉ። መዳሰስ አይከለከልም። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይጫናሉ፣ በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ይሄ ሞቷል፤ ይሄ ታሟል ግን ይድናል፤ ጻፊ ይሉኛል። የጻፍኩት ይህ ነው፦ ከሆዷ ሁለት ጣውላ በስብሷል። ምስማሩ ግማሹ ዝጓል። በጣውላና በጣውላ መሃል የተጠቀጠቀው ጨርቅ አልቋል። አንዱ መቅዘፊያ ተሰንጥቋል። ቀዛፊው ደሴ የሚቀመጥበት አግዳሚ ተነቅሏል።

ሜትሩን ዘርግተው፣ አንቺ አንብቢው፣ ያንቺ ዓይን ልጅ ነው አሉኝ። አነበብኩላቸው። ደስ አለኝ። አባባ ሥራቸውን እንዲህ አካፍለውኝ አያውቁም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

ጅጋ ደርሼ መጣሁ። ምስማር፣ ጥጥ፣ አሮጌ ጨርቅ። ሬንጁን ከዋናው መንገድ ዳር፣ መንገድ ሠሪዎች ጥለውት ከሄዱት በርሜል ቆርሼ በማዳበሪያ ከረጢት አዘልኩ። ጀርባዬ ጠቆረ። አንዲት ሴትዮ፣ ሐኪሟ ዛሬ ደግሞ ከሰል ነጋዴ ሆነች ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ጉልበት ስላልነበረኝ ትንሽ ብቻ።

የቸገረን ጣውላ ነበር። ባሕር ዛፍ ለጀልባ አይሆንም፣ ይሰነጠቃል ይላሉ አባባ፤ ዋንዛ ነው የሚፈልጉት። ቄሰ ገበዙ ዘንድ ሄጄ ለመንኩ። ለቤተ ክርስቲያኑ በር ከተሰነጠቀው ዋንዛ ሁለት ጣውላ ተርፏል። ጣውላውን አንዴ ዞረው አዩት። ከዚያ፣ "የመቅደሱ በር ሰው ያስገባል፤ የእናንተዋም ታሻግር፤ ውሰጂ" አሉ። ሁለት ጣውላ። ሦስተኛ የለም።

ዓርብ፣ ግንቦት 14

ቀኑን ሙሉ ምስማር መንቀል። የዛገው አናቱ እየተቆረጠ አካሉ እንጨቱ ውስጥ ይቀራል። መዳፌ ሁለት ቦታ ውሃ ቋጥሯል። የወረዳው የወር ሪፖርት አልተነካም።

አንድ ጥሩ ነገር፦ አግዳሚው ተመታ፣ ጸና። ደሴ ካልተቀመጥኩበት አለ፤ ጀልባዋ ስለተደፋች በጉልበቱ ተንበርክኮ ከሥር ገብቶ ነው የሞከረው። አባባ ከመጡ ወዲህ ሲስቁ ገና ዛሬ ሰማኋቸው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

ዛሬ የደከመኝ ይሁን የተናደድኩ አላውቅም።

ጧት አንዲት አራስ ልጠይቅ ሄድኩ። ጣውላውን ስመለስ አብረን እንለካለን ተባብለን ነበር። ተመልሼ ስመጣ አባባ ብቻቸውን ለክተው ቆርጠውታል። ለቦታው አንድ ስንዝር ያንሳል። ከሁለቱ ጣውላ አንዱ።

ደሴና ሌሎች ሦስት ሰዎች ቆመው ያያሉ። አባባ ጣውላውን ቦታው ላይ አስተኙት፣ ጫፉን በጣታቸው ፈለጉት፣ ክፍተቱ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። እንጨቱ ተጣሞ ነው አሉ። እንጨቱ አልተጣመመም። እኔም፣ ቁጥሩን አሳስተው አነበቡት እንዴ ብዬ በሰው ፊት ጠየቅኋቸው። መጠየቅ አልነበረብኝም። መጋዛቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቤት ሄዱ።

ደሴ ዞር ብሎ፣ ሰው ሲያረጅ እጁም ያረጃል አለ። ክፉ ብሎ አይደለም። ግን ሰማሁት፤ ምናልባት እሳቸውም ሰምተውታል።

እሑድ፣ ግንቦት 16

ከቅዳሴ መልስ የጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። ቁርስ ሰጠኋቸው፤ ሳህኑን ሳይሆን አጠገቡ ያለውን መሬት ዳሰሱ። ያኔ ገባኝ። ሜትሩ፣ መንገድ ላይ መደናቀፉ፣ የጣውላው ዳሰሳ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

"አባባ፣ ስንት ጊዜ ሆነዎት?"

እጃቸውን ከመሬቱ አነሱ። "ቀኙ ከጥምቀት ወዲህ ነው። ግራው ጭስ የሞላበት ቤት ይመስላል፤ ሰው መኖሩን አያለሁ፣ ማን እንደሆነ አላይም።"

ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የማያይ አናጢ ምን ይሠራል አሉ፤ በር ሥራልኝ የሚለው ማን ነው? የሬሳ ሣጥን እንኳ አይሰጡኝም። "ሟችም ቢሆን ልኩን ይፈልጋል" አሉኝ።

ዓይናቸውን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። ብሌኑ ነጥቷል። ሞራ ነው፤ ሐኪም ባልሆንም ይሄን አውቃለሁ። በየቤቱ እየዞርኩ የሰው ልጅ ዓይን ገልብጬ ትራኮማ የምፈልግ ሴት፣ የአባቴ ዓይን ሲነጣ አላየሁም። በወር አንዴ ፍኖተ ሰላም እሄዳለሁ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ በልቼ እመለሳለሁ።

ሞራ በቀዶ ጥገና እንደሚወጣ ነገርኳቸው። "ለሰው አትንገሪ" አሉኝ ብቻ። አልናገርም አልኩ።

ሰኞ፣ ግንቦት 17

አዲስ አሠራር። እኔ እለካለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ጮክ ብለው ይደግሙታል፤ ለሚሰማ ሰው ያነበቡት ይመስላል። እኔ እቆርጣለሁ። እሳቸው የመጋዙን ድምፅ እየሰሙ፣ ወደ ግራ ሄደሻል ይሉኛል። እውነትም ሄጃለሁ።

ሁለተኛው ጣውላ ልክ ገባ። አጭሩን ምን እንደምናደርገው ስጨነቅ፣ ከአሮጌው ጣውላ ጤነኛውን ጫፍ አስቆርጠውኝ ከአጭሩ ጋር አገጣጠሙት፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ሌላ እንጨት ደግፈው መቱበት። መገጣጠሚያውን በጣት ካልሆነ በዓይን አታገኙትም። ይሄን ያደረጉት ሳያዩ ነው።

ምስማሩን የምመታው እኔ ነኝ፤ አንዴ አውራ ጣቴን። ደሴ፣ አባት ተቀምጦ ልጅ ስትመታ ዛሬ አየሁ ብሎ ቀለደ። አባባ ሙያዬን እያወረስኳት ነው አሉት። ውሸት ነበር። ማምሻውን ግን፣ እጄን ሳየው፣ ሙሉ በሙሉ ውሸት መሆኑን እንጃ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18

ጥጥና ጨርቅ ሬንጅ እየነከሩ በየስፌቱ መጠቅጠቅ። ስፌት የሚሉት ጣውላና ጣውላ የሚገናኝበትን ነው። ሬንጁ ትኩስ መሆን አለበት፣ ጨርቁ ደረቅ። ከነገ ጀምሮ ገብርኤል፣ ዕርገት፣ ማርያም፤ ሦስት ቀን በተከታታይ ሥራ የለም። ስለዚህ ዛሬ ማለቅ ነበረበት።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። አባባ ይብቃን፣ እርጥብ ስፌት አይዝም አሉ። አንድ ስፌት ብቻ ቀርቶኝ ነበር፣ ከኋላ በግራ በኩል። ጨርሼዋለሁ ለማለት ቸኮልኩ። ላስቲክ ከልዬበት በዝናቡ ሞላሁት።

የወር ሪፖርቱንም ዛሬ ጨረስኩ። ፊደሎቹ ላይ የጣቴ ሬንጅ አለ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

ዕርገትም ግንቦት ሃያም በአንድ ቀን ዋሉ። ቄሶቹ ሕዝቡን ይፈልጉታል፣ ቀበሌው ሕዝቡን ይፈልገዋል። ጧት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ በቀጥታ ስብሰባ፤ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ። ሊቀመንበሩ የዓመቱን ሥራ ሲያነብ የጀልባዋ ጥገና መቶ በመቶ ተጠናቋል አለ። ጀልባዋ ሾላው አጠገብ ተደፍታ ነበር።

አባባ አጠገቤ ተቀምጠው፣ "ዘጠና ዘጠኙን ይውሰድ፤ መቶኛዋ ውሃው ላይ ነው ያለችው" አሉኝ በጆሮዬ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 22

ወደ ውሃ አወረድናት። ሰው ሁሉ ወጥቶ ያያል፤ ከማዶም ሴቶች ልጅ አዝለው ቆመዋል።

ውሃ አስገባች። ከአንድ ቦታ አይደለም፣ ከየስፌቱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እስከ አግዳሚው ሞላች። አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ። ከማዶ የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ ተቀምጬ ባለቅስ ደስ ባለኝ።

አባባ ግን አልደነገጡም። እንጨት አሥር ቀን ፀሐይ ላይ ተጠብሶ ውሃ አይከለክልም፤ ይጠጣና ያብጣል፣ ሲያብጥ ራሱን ይዘጋል አሉ። በገመድ አስራችሁ ውሃ ውስጥ ተዉአት፣ እስከ ሰኞ እንዳትነኳት። ደሴ እኔን አየኝ። እኔ ወደ ወንዙ አየሁ።

ለመኑን አልልም። ሲናገሩ ግን በእጃቸው ገመዱን አጥብቀው ይዘውት ነበር።

እሑድ፣ ግንቦት 23

ሁለት ጊዜ ወርጄ አየኋት። ውሃ እንደሞላች ናት። ምንም መለየት አይቻልም። ላይኛው አገር ዘንቦ ወንዙ ደፍርሷል፣ ከትናንት በአንድ ክንድ ከፍ ብሏል። በእግር መሻገር ከዛሬ ወዲያ የለም።

አባባ እንዴት ናት አሉኝ። ደህና ናት አልኳቸው።

ሰኞ፣ ግንቦት 24

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጧት ደሴና ሦስት ሰዎች ውሃውን ቀድተው አወጡላት። ቆመን ጠበቅን። ከሆዷ በኩል ጠብ የሚል የለም። የተገጣጠመው ጣውላ ደረቅ ነው። አባባ ወለሉን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱና፣ እንሻገር አሉ። መጀመሪያ እኔ ነኝ የምገባ አሉ።

ስድስት ሆነን ተሳፈርን፤ ደሴ፣ አባባ፣ እኔ ከክትባት ሣጥኔ ጋር፣ ሊቀመንበሩ፣ ማዶ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች። ውሃው የጡብ መልክ ይዟል። መሃል ስንደርስ ከእግሬ ሥር ቀዝቀዝ አለኝ። ከኋላ በግራ በኩል፣ ውሃ እንደ ጣት ቀጭን ሆኖ ይገባል። ያች የማክሰኞዋ ስፌት።

ብዙ አልነበረም። በጣሳ እየቀዳን በሰላም ደረስን። ግን ማዶ ላይ የሚጠብቁት ሴቶች ጣሳውን አዩ። ደሴም ጀልባዋን ካሰረ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይቺ ስፌት ከሌላው ለምን ተለየች፣ የማን እጅ ናት ብሎ ጠየቀ። አፌን ከፈትኩ።

አባባ ቀደሙኝ። "የኔ እጅ ናት" አሉ። "ዓይኔ ደክሟል፤ ሞራ ይዞኛል። ሌላውን ልጄ ናት የሠራችው፣ እሱ አላስገባም። ይቺን ነገ እሷ ታድሳታለች።"

ሊቀመንበሩ መሬት መሬት አየ። ደሴ ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ከዚያ መጥቶ የአባባን ክንድ ያዘና ዳገቱን አብሯቸው ወጣ፤ እሳቸውም አልከለከሉትም። ባለፈው ሳምንት እሑድ ለሰው አትንገሪ ያሉኝ ሰው፣ ለሦስት ጎጥ ሕዝብ ራሳቸው ነገሩ፤ የኔን ጥፋት ለመሸፈን። እኔም ዝም አልኩ። እውነቱን ብናገር ያሉትን መልሰው ወደ ሆዳቸው የሚያስገቡት መስሎኝ ነው። ወይም ፈርቼ ይሆናል።

አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ከኋላዋ ሌሎቹ መጡ። ሣጥኑን የዘጋሁት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ኩፍኝ የወሰዳቸው የሁለቱ ሕፃናት እናት ግን አልመጣችም፤ ቤቷ ሄጄ አዲሱን ልጇን ከተብኩት። እሺም እምቢም አላለችም፤ ክንዱን ይዛልኝ ዓይኗን ወደ በሩ አዞረች።

ስንመለስ በጀልባዋ አባባን ጠየቅኋቸው። ሰኔ ውስጥ የዓይን ሐኪሞች ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይመጣሉ ተብሏል፤ ይሄዳሉ ወይ አልኳቸው። ጣሳውን ከእጄ ወስደው ውሃ ሲቀዱ ቆዩ።

"እስቲ" አሉ።

አባባ ዘንድ እስቲ ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ነገ ጧት፣ ዝናብ ካልመጣ፣ ያችን ስፌት አፍርሼ በደረቅ ጨርቅ እሞላታለሁ። ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አይነሳም። ዛሬ ግን ከምሳ በኋላ ጀምሮ፣ ከመስከረም ወዲህ በየቀኑ የምቆጥረውን፣ ማዶ ሳይከተብ የቀረውን ልጅ፣ አልቆጠርኩም።