ዳማን አደራ ብለሽኝ ነበር

ለውዲቱ ባለቤቴ ለትርንጎ፤

ከተለየሽኝ ክረምቱ አልፎ በጋው ተጋምሷል። ደህና ነኝ እንዳልልሽ ድመትሽ አድክማኛለች። ስትሞቺ እጄን ይዘሽ «ነፍሴን በጸሎት አስባት» አላልሽም፤ «ዳማን አደራ» ነው ያልሽኝ። የድመት አደራ! ብራና እየፋቅሁ ዳዊት እየደገምሁ የምኖረውን መሪጌታ በስተርጅና የድመት አስታማሚ አደረግሽኝ።

ቤታችን እንደ ቆመ ነው፤ ጎተራው ግን ባዶ ሆኗል። የጣሊያን ወታደሮች በአምበር በኩል መጥተው እህሉን ጭነው፣ ላሞቻችንን ነድተው ወሰዱ። ዳማ የታመመችው ከዚያ ወዲህ ነው። ቋንጣ ቀቅዬ፣ አድቅቄ ብሰጣት ትተፋዋለች። ፀሐይ ሳወጣት ትጮኻለች፤ ወደ ጥላ ስመልሳት ደግሞ ትጮኻለች። ልፍቀው በወጠርሁት ብራና ላይ ሸናችበት። ልቆጣት ብዞር ከማኅሌት ዘግይቼ ስገባ አንቺ ታዪኝ እንደ ነበረው አየችኝ፤ ቁጣዬን ውጬ ብራናውን አጠብሁ።

ጎረቤታችን አያ ደምሴ «መሪጌታ፣ ጫካ ይጣሏትና ይረፉ» ቢለኝ ጮኽሁበት። ጧት እኔው ራሴ ይህንኑ ሳስብ ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን ደሜ ፈላ።

ኋላ ወታደሮቹ ዳግመኛ እየመጡ ነው ተባለና መንደሩ ሁሉ ወደ ገደሉ ወረደ። ሰው ልጁን አዝሏል፣ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ተሸክሟል፤ እኔ ድመት በአገልግል! አያ ደምሴ ርቦት ኖሮ ስንቅ መስሎት ክዳኑን ቢያነሣው ዳማ ፊቱ ላይ ጮኸችበት። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል ሰው ሳቀብኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ከምንሸሸግበት ዋሻ ስንደርስ ላሟን ይዛ የወረደችው ማን ሆና ተገኘች? የሺ! ዳማ ጫጩቶቿን ስለ ፈጀችባት ተጣልታችሁ፣ እስክትሞቺ ድረስ ያላነጋገርሻት የሺ። ዳማ ደግሞ ከወተት በቀር ምንም አልቀምስም አለች። ጊዜው የነቢያት ጾም ነው። መሪጌታ በጾም ወተት ሲለምን እስቲ አስቢው! አንገቴን ደፍቼ ሄድሁ።

«የሺ፣ እባክሽ ጥቂት ወተት።»

«ጾም አይደለም እንዴ መሪጌታ? ለማን ነው?»

«ለዳማ።»

«ያቺ ሌባ እስካሁን አለች?» አለችና ብድግ አለች። ስድቡን ስጠብቅ ሄዳ ላሟን ማለብ ጀመረች። ከዚያ አጠገባችን ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ወተት ውስጥ እየነከረች በዳማ አፍ ታንጠባጥብላት ጀመር። «ጫጩቶቼን ስትውጪ እንዲህ ነበርሽ?» ትላታለች፤ መልሳ ደግሞ ታባብላታለች። ወደ መንደር ከተመለስን በኋላም መምጣቷን አልተወችም። «አያያዝዎ አያምርም! አንገቷን ደገፍ ያድርጓት እንጂ!» እያለች ትቆጣኛለች። አንቺ ብትሄጂ ሌላ ተቆጪ ተተካብኝ።

ዳማ የሞተችው ቤታችን ውስጥ፣ ቀን በየሺ ጭን ላይ ተኝታ ነው። ትንፋሿ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ጓሮ ከጌሾው ሥር ቆፍሬ ቀበርኋት። አፈሩን ስመልስ የሺ ታለቅሳለች።

«ደግሞ ለድመት ይለቀሳል?» አልኋት ተናድጄ።

«ለድመቷ አይደለም» አለች። «ትርንጎን ሳላነጋግራት ቀረሁ።»

ትርንጎ፣ ያ ሁሉ ንዴቴ የት እንደ ገባ አላውቅም። በቀብርሽ ዕለት መሪጌታ ነኝና ፍትሐቱን መርቼ፣ ሰውን ሳጽናና ውዬ እንባ ሳይወጣኝ ገብቻለሁ። አሁን ዶማዬን ጥዬ ከየሺ ጎን መሬት ላይ ተቀመጥሁና እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

ተዝካርሽን እንደ ወጉ ማውጣት አልቻልሁም፤ እህል የለም። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ግን ዕለትሽ በመጣ ቁጥር ስምሽን አስጠራለሁ፤ የሺም አብሬ እቆማለሁ ብላለች። አሁን ደግሞ ከእኅቷ ቤት የድመት ግልገል ላምጣልዎ እያለች ትነዘንዘኛለች። እምቢ ብያታለሁ። እሷ ግን ልክ እንዳንቺ ናት፤ እምቢታዬን ከቁም ነገር አትቆጥረውም።

ባልሽ