ሜርት ሐይቅ ውስጥ ስለወደቀውና በሠራዊቱ ዘገባ መሠረት ስላልወደቀው ነገር

ኖርበክ፣ ያምትላንድ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1947

ለክቡር ኮሎኔል አክሰል ሬንስትሮም
በሰማይ ላይ የሚታዩ እንግዳ ነገሮችን የሚያጣራው ወታደራዊ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ስቶክሆልም

ክቡር ኮሎኔል ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለክብርት ባለቤትዎ፣ ለኮሚቴው አባላትና ሰማዩን ሲጠብቁ አንገታቸው ለደነደነ ወታደሮችዎ ሁሉ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በመልካም የዓይን ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ዓይንን ለይቼ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእኔን ዓይን ደካማነት የኮሚቴዎ ዘገባ ስላረጋገጠልኝ፣ ይህ ሕመም በሌላ ሰው ላይ፣ ይልቁንም እንደ እርስዎ ባለ ሰማይ ጠባቂ ላይ እንዳይደርስ ስለምሰጋ ነው።

እኔ ዮርዲስ ኖርዲን እባላለሁ። በኖርበክ መንደር ከአባቴ በወረስኩት እርሻ ላይ እኖራለሁ፤ በወረዳው ፍርድ ቤትም ሕዝቡ መርጦ ከዳኛው ጎን ከሚያስቀምጣቸው ሰዎች አንዷ ነኝ። በጋዜጣ የምጽፍልዎ ቀደም ብዬ በፖስታ የላክሁልዎት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው። እንዲያው ሳስበው፣ ጋዜጦች እንግዳ ነገር የታየበትን ቦታ ስም እንዳይጽፉ ሲያዝዙ የከረሙ ሰው፣ ሌላ ምንም ባያነቡ ጋዜጣ ሳያነቡ አይውሉም ብዬ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንዲያስታውሱት ላስረዳ። ባለፈው በጋ አገሩ ሁሉ «የመንፈስ ሮኬት» ይላቸው የነበሩትን በራሪ ነገሮች ያላየ ሰው አልነበረም፤ ከባሕሩ ማዶ ያለው ጎረቤታችን እየተኮሰብን ነው የሚልም ብዙ ነበር። ሠራዊቱ ራሱም ያየነውን ሁሉ ሳንውል ሳናድር እንድናሳውቅ በትሕትና ለምኖን ነበር። እኔም ለልመና ደካማ ነኝ።

በድርቆሽ ወቅት፣ ፀሐይ አናት ላይ በወጣችበት ሰዓት፣ እኔ ከአጥሩ በዚህ በኩል፣ ጎረቤቴ ሄልመር ዛክሪሰን ደግሞ ከአጥሩ በዚያ በኩል ሣር እያጨድን ነበር። እባክዎ ይህን እንደ መተባበር አይቁጠሩብን፤ የሁለታችንም ሣር የደረሰው በአንድ ጊዜ ስለሆነ ነው። አባቶቻችን በሐይቁ ዳር ባለች አንዲት የጀልባ ማቆሚያ ተጣልተው ሳይታረቁ ስላለፉ፣ እኛም እርሻውን ከነጠቡ ወርሰን፣ ከሃያ ዓመት በላይ እንደምን አደርክ፣ እንደምን አደርሽ ሳንባባል ኖረናል።

የዚያን ዕለት ከምሥራቅ በኩል ፉጨት ተሰማ። ቀና ስል ክንፍ የሌለው፣ ግራጫ፣ እንደ ወፍራም ሲጋራ ያለ ነገር በጥዶቹ ጫፍ ላይ አልፎ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ውኃው ከዛፎቹ በላይ ተነሣ፤ የውኃ አበቦች ከነሥራቸው ተነቅለው ያጨድኩት ሣር ላይ ወደቁ፤ ከዚያ ጭቃው ከታች ወጥቶ ሐይቁን እንደ ገብስ ሾርባ አደፈረሰው። እኔና ሄልመር መጀመሪያ ሐይቁን፣ ቀጥሎም ተሳስተን እርስ በርሳችን ተያየን። ወዲያው ፊታችንን መለስን። እሱ በእሱ መንገድ ወደ ሱቁ ስልክ፣ እኔም በእኔ መንገድ ወደ ቄሱ ስልክ ሮጥን። ሠራዊቱ ስለ አንድ ሐይቅ ሁለት ጥሪ የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ ለተደረገልኝ ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ሻምበል ሊልየክቪስትን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። እጅግ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው ገቡ፤ የቀረበላቸውን ቡናና ቂጣም አልናቁም። (ቡና እንደገና በልክ የሚታደል ሆኗልና፣ ያን ጊዜ ለወታደሮችዎ ያፈላሁትን ጀበና ሁሉ አሁን በናፍቆት አስታውሰዋለሁ።) እኔን በወጥ ቤቴ፣ ሄልመርን በበረቱ፣ ለየብቻ ጠየቁን። ፀሐይ መትቶኝ እንደነበር፣ በዕድሜዬ ያሉ ሴቶች ነገር ይታያቸው እንደሆነ፣ ልብ ወለድ አነብ እንደሆነ ጠየቁኝ። በበረዶው ወራት እንደማነብ፣ በድርቆሽ ወቅት ግን ጊዜ እንደሌለኝ መለስኩላቸው። በመጨረሻም እርሳሳቸውን አስቀምጠው፣ እንደ ሐኪም ዝግ ብለው፣

«ወይዘሪት ኖርዲን፣ ምናልባት ትልቅ ዓሣ ሲዘል አይተው ይሆን?» አሉኝ።

«ሻምበል፣ ዓሣ የሚዘለው ከውኃ ወደ ላይ ነው፤ ያየሁት ነገር የመጣው ከላይ ነው» አልኳቸው።

ይህንን ጻፉት። እንዴት አድርገው እንደጻፉት ግን ኋላ ነው ያወቅሁት።

ሁለተኛ፣ ድርቆሼን ስለገላገሉኝ አመሰግናለሁ። ወታደሮችዎ በሞተር ጀልባ ሆነው የሐይቁን ወለል ለመውጋት ረጃጅም እንጨት ሲያስፈልጋቸው፣ ጫካ ዙሪያችንን ከቦን ሳለ፣ ሣር የምሰቅልባቸውን እንጨቶች ሣሩን አራግፈው ነቅለው ወሰዱ። ሣሩ መሬት ላይ ቀርቶ ዝናብ መታውና ሻገተ። ላሞቼ በበረዶው ወራት ምን እንደበሉ ቢጠይቁኝ፣ አጎቶቼ የሰጡኝን በሉ ብዬ እመልሳለሁ፤ በሠራዊቱ ላይ ግን ቅሬታ አላሰሙም፤ ላሞች ናቸውና።

ሦስተኛ፣ ምሥጢር አጠባበቃችሁን ማድነቅ እወዳለሁ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ምግቡን ቋጥሮ ኮረብታው ላይ ተቀምጦ ፍለጋውን ሲያይ ይውል ነበር። አንድ ሃምሳ አለቃ መንገዱን ዘግቶ፣ እዚህ ምንም ነገር ስለሌለ ወደየቤታችሁ ሂዱ ሲል፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አክስቴ አግዳ በትራቸውን ተደግፈው፣

«ምንም ነገር ከሌለ አንተ የምትጠብቀው ምኑን ነው ልጄ?» አሉት።

ሃምሳ አለቃው ሄዶ ወንበር አመጣላቸው። ከሠራዊቱ ሁሉ የተሻለ መልስ የሰጠን እሱ ነው፤ ስሙን ብነግርዎ ማዕረጉን ይገፉበታል ብዬ ተውኩት።

ተራ ቁጥሩን እዚህ ላይ ባቋርጥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሚቀጥለው ነገር በቁጥር የሚነገር አይደለም።

በሐይቁ ውስጥ ምንም ሳይገኝ ወታደሮቹ ሄዱ። በበረዶው ወራት መካከል የኮሚቴዎ ዘገባ ለወረዳው ደረሰ። ዘገባው የሁለቱ ምስክሮች ቃል እጅግ ከመመሳሰሉ የተነሣ፣ «ወፍራም ሲጋራ» የሚለው አነጋገር ሳይቀር አንድ በመሆኑ፣ አስቀድመው ተማክረው የፈጠሩት መሆኑ ግልጽ ነው ይላል። ምስክሮቹ «የቅርብ ግንኙነት ያላቸው» ወንድና ሴት እንደሆኑና የሰው ዓይን ለመሳብ እንዳደረጉት፣ አንድ ነገር አይተው ከሆነም ዓይነ ደካማ ሰው የሚበር ሽመላን ሮኬት አድርጎ እንደሚያይ እንዳዩ ያትታል። ክቡር ሆይ፣ ሁለት ሰዎች ላምን ላም ብለው ቢጠሩ መማከራቸው ነውን? በጎረቤት ሰበካ ደግሞ የሁለት ምስክሮች ቃል ስለተለያየ ኮሚቴዎ ውድቅ እንዳደረገው ሰምቻለሁ። ታማኝ ዜጋ ከጎረቤቱ ጋር ምን ያህል መመሳሰልና ምን ያህል መለያየት እንደሚገባው መመሪያ ቢያወጡልን፣ ወደፊት ሮኬት ሲመጣ አንቸገርም።

የሆነው ሆኖ ዘገባው እኔ ላይ ያደረሰው ነገር ቀልድ አይደለም። ዳኛው ጠርተውኝ፣ እያዘኑም ቢሆን፣ በመንግሥት ወረቀት ውሸታም የተባለ ሰው በሌላው ላይ ፍርድ ሊሰጥ እንደማይችል፣ ስሜ ከነቀፋ እስኪጸዳ ድረስ ወንበሬን እንድለቅ ነገሩኝ። ለዚያ ወንበር ከተመረጡ ሴቶች በወረዳችን የመጀመሪያዋ ነበርኩ። የዚያን ቀን ከፍርድ ቤቱ ስወጣ ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ሰላም ይለኝ ነበር፤ ፈገግታው «ከሄልመር ጋር፣ እህ?» የሚል ነበር። ቤቴ ገብቼ እንዳለቀስኩ ብነግርዎ፣ ዘገባዎ ስሜታዊ ሴት ናት የሚል አዲስ አንቀጽ እንዳያገኝ እፈራለሁ፤ ስለዚህ አልነግርዎትም።

በማግስቱ በቀትር በሬ ተንኳኳ። ብከፍተው ሄልመር ነው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል፤ በረዶው ጫማው ላይ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ያልሰማሁትን ድምፅ ሰማሁ።

«ካንቺ ጋር ተማክሬ እንደዋሸሁ ተጽፏል» አለኝ።

«አንብቤዋለሁ» አልኩት።

«እኔ ካንቺ ጋር ተማክሬ አላውቅም።»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው አሁን እንማከር» አለ።

ገባ። ተማከርን። ምክራችን የሰበካ ጉባኤ እንዲጠራልን ነበር፤ ተጠራም። ዳኛውም መጡ። ክቡር ኮሎኔል፣ እርስዎም በነበሩ ያሰኘኛል፤ ምክንያቱም አንድ ሰበካ ሙሉ ሰው ተራ በተራ እየተነሣ ሁለት ሰዎች እንደማይዋደዱ በመሐላ ሲመሰክር ዓይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ቄሱ በቤተ ክርስቲያን ተቃራኒ ጫፍ ላይ ካልተቀመጥን ስብከት ለመጀመር ይቸገሩ እንደነበር ተናገሩ። ባለሱቁ፣ አንዳችን ስንገባ ሌላችን በጓሮ በር እንድንወጣ በሩን የሠራው ለእኛ ሲል መሆኑን ገለጸ። አክስቴ አግዳ ግን ነገሩን ጨረሱት።

«እነዚህ ሁለቱ ተማከሩ? እነዚህ እኮ ቤት እየተቃጠለ ባልዲ አይቀባበሉም» አሉ።

ዳኛው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ወንበሬም እዚያው በጉባኤው ፊት ተመለሰልኝ፤ ዓይኔን ስጠርግ ሄልመር መሐረቡን አቀበለኝ፤ ጉባኤው በሙሉ ያንን አየ፤ ያን ጊዜ ምስክርነቱ ሁሉ ውድቅ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ከዚያ ወዲህ ምክራችን አልተቋረጠም። በመጀመሪያ ስለ ዘገባው፣ ቀጥሎ ስለ ድርቆሹ፣ ቀጥሎም ስለ ጀልባ ማቆሚያዋ ተማከርን፤ አባቶቻችን የተጣሉባት ቦታ አንዲት ጀልባ እንኳ በቅጡ የማትይዝ ሆና አገኘናት። የሚቀረን ነገር ሲጠፋ ስለ ሌላው ነገር ተማከርን። ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያን የሚጋቡ ሰዎች ስም ሲነበብ የእኛም ተነቧል፤ ሠርጋችን በበጋው አጋማሽ በዓል ነው። አጥሩንም ትናንት አፍርሰነዋል።

ስለዚህ ክቡር ኮሎኔል፣ ልመናዬ ቀላል ነው። «የቅርብ ግንኙነት ያላቸው» የሚለውን ቃል እንዲሰርዙልን አንጠይቅም፤ ቀኑን ብቻ ያርሙልን። በሐምሌ ሐሰት ነበር፤ እውነት የሆነው በየካቲት፣ በሠራዊቱ አማካይነት ነው። አባቶቻችንን ቄስም ሽማግሌም ሊያስታርቃቸው አልቻለም ነበር፤ እኛን ኮሚቴዎ በአንድ ገጽ አስታርቆናል። በሐይቁ ውስጥ ስለወደቀው ነገር ምንም ባያውቅም፣ ሰው ውስጥ ስላለው ነገር አስቀድሞ የሚያውቅ ኮሚቴ በአገራችን መኖሩ ያኮራናል።

ሰማዩ ለእርስዎ፣ ምድሩ ለእኛ ተትቶ በየፊናችን በሰላም የምንሠራበት ዘመን እንዲመጣ እየተመኘሁ፣ ለከፍተኛ ማዕረግዎ የሚገባውን ጥልቅ አክብሮት ሁሉ፣ ከዚያም ጥቂት ተርፎ፣ አቀርባለሁ።

የክቡርነትዎ ዓይነ ደካማ አገልጋይ፣
ዮርዲስ ኖርዲን፣ በቅርቡ ዛክሪሰን

ማስታወሻ፦ የሐይቁ በረዶ እንደቀለጠ የሄልመር መረብ ከጭቃው ውስጥ ከባድ የብረት ነገር ይዞ ወጣ። መንደሩ ተሰበሰበ፤ ፎቶ አንሺም ተጠራ። ጭቃው ሲታጠብ የጀልባ ሞተር ሆነ፤ ጎኑ ላይ የመንግሥታችን ምልክት የሆነው ሦስት ዘውድና «የሠራዊቱ ንብረት» የሚል ጽሑፍ አለበት። ልንመልስልዎ አስበን ነበር፤ ነገር ግን ሻምበል ሊልየክቪስት በዘገባቸው ላይ በሜርት ሐይቅ ውስጥ አንድም የብረት ነገር እንደሌለ በፊርማቸው ስላረጋገጡ፣ እንደ ሕግ አክባሪ ዜጎች ይህ ሞተር የለም ብለን ተቀብለን፣ ጀልባችን ላይ ገጥመነዋል። በጣም ጥሩ ይሠራል።