የዘለሉብኝ ተራ

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ሰብሌስ ደህና ናት? ልጆቹ ከጉንፋኑ ተሻላቸው? ዘንድሮ የከተማችሁ የኮን ብርድ አያስቀምጥም ሲሉ ሰምቼ ስለ ደረትህ ሳስብ ከረምኩ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቤተ ክርስቲያን አድርሶ ይመልሰኛል። ጉልበቴን ያነሳሁት በምክንያት ነው፤ ዝቅ ብለህ ታገኘዋለህ።

በስልክ ልነግርህ ነበር። ግን ስናደድ ቃል ይጠፋኛል፤ አንተም ያልወደድከው ወሬ ሲመጣ ኔትወርኩ ይቆራረጥብሃል። ስለዚህ ጎረቤታችን ሰውነት ለገበያ ወደ ኮን ሲመጣ ይህን ወረቀት በእጁ ሰደድኩልህ።

የሰንበቴያችንን ሥርዓት አትረሳውም። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰንበቴው ቤት እንሰበሰባለን። ተረኛው ያመጣው ዳቦና ጠላ ይባረካል፣ የተረኛው ቤት ሙታን ስማቸው በጸሎት ይነሳል፣ ከዚያም ከሁላችን በፊት በቅጥሩ በር ለተቀመጡት ነዳያን ይወጣላቸዋል። በመጨረሻ ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴያችን ጋሽ አረጋ ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባሉ። ጽዋውን የተቀበለ በሳምንቱ ደጋሽ ነው። አባታችን ተቀብሎታል፣ እናታችን ተቀብላዋለች። እኔና ባለቤቴ ወንዴም ከተጋባን ጀምሮ አንድ ዓመት አላለፈንም። እሱ ከሞተ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻዬን ደግሻለሁ።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው እሑድ ጽዋው ለእኔ ነበር። ነጠላዬን አደግድጌ ተነሳሁ። ጋሽ አረጋ ይዘውት መጡ፤ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው አለፉኝና ከጎኔ ለተቀመጠችው ለየሺሃረግ ሰጧት። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ዳቦውን ያያል። ጋሽ አረጋ ጎንበስ ብለው፣ ለዘንድሮ አሳርፈንሻል፣ አይክበድሽ አሉኝ። እኔ በሬ ነኝ የሚያሳርፉኝ?

ማክሰኞ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤቱ የበጎ አድራጎት ልጆች ቤቴ መጡ። እንግዳ መስሎኝ መቀመጫ አወጣሁ። ለካ ስንዴና ዘይት ተሸክመው ነው። ጸሐፊያቸው ማኅሌት መዝገቧን ዘርግታ፣ እማማ እዚህ ላይ ይፈርሙ አለችኝ። ረዳት የሌላቸው አረጋውያን ከሚለው ሥር ስሜ ተጽፏል። ረዳት የሌላት። ኮን ከተማ ደመወዝተኛ ወንድም ያላት ሴት። ማን አስጻፈኝ ብላት ልጅቷ አፈረች። ለጋሽ አረጋ ከዘመድ ተደውሎ፣ ደክማለችና ድግሱ ይቅርላት ተብሎ ነው አለች። የትኛው ዘመድ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አንተንም አልጠይቅህም።

ስንዴውን መለስኩ ብዬ አልዋሽህም። ዳገት ተሸክመው የወጡ ልጆችን በምን አፌ እመልሳለሁ? ከጎታው ሥር አስቀመጥኩት እንጂ አልፈታሁትም። ድሃ መሆኔ ጠፍቶኝም አይደለም። በበቅሎ አሸተን ገዳም የሚወጣው ቱሪስት ከቀረ ወዲህ የወንዴን በቅሎ ሸጫለሁ። ቤት ያለው ገብስ የዘር ነው። ምሳ የማልበላበት ቀን አለ፤ ይህን ላንተ ብቻ ነው የምናገረው። ግን ምሳ ብዘል የሚቀርብኝ ምሳ ነው። ያን እሑድ ብዘል የአባታችን ስም ሳይነሳ ይቀራል፣ የወንዴም። ይህን ያሰበልኝ የለም። ያዘነልኝ ሁሉ ለሆዴ ነው ያዘነው፤ እሱ ነው እንዲህ ያቃጠለኝ።

በተከታዩ እሑድ ያደረግኩትን ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ስማው። ቅዳሴ አልቆ ሰዉ ወደ ሰንበቴው ቤት ሲገባ እኔ አልገባሁም። ወደ ቅጥሩ በር ሄጄ ከነዳያኑ ጋር ተቀመጥኩ። የጻፉኝስ እዚያ አይደል? ከጎኔ ዓይናቸው የማያየው እማማ ገለቴ ነበሩ። በድምፄ ለዩኝና፣ አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ አሉኝ። ተራዬን እየጠበቅኩ ነው አልኳቸው።

የሺሃረግ ዳቦውን እየቆረሰች ስታድል እኔ ዘንድ ደርሳ ቆመች። እጄን ልክ እንደዚያ ቀን ዘረጋሁ። ልትሰጠኝም ልታልፈኝም አልቻለችም፤ እንባዋ መጣ። ጋሽ አረጋ ተጠርተው ወጡ። ምን ማድረግሽ ነው፣ ሰው ፊት ታዋርጂናለሽ አሉኝ። እናንተ ያስቀመጣችሁኝ ቦታ ነው አልኳቸው። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ አላፍርበትም።

ይሄኔ እማማ ገለቴ ወደ ጋሽ አረጋ ድምፅ ዞሩ። የዚች ሴት ዳቦ አምና ጨው በዝቶበት ነበር፣ ዘንድሮ አስተካክላ ታምጣልን እንጂ ምን ብላችሁ ነው የምታስቀሩብን አሉ። ነዳያኑ ሳቁ። እኔም ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ።

መምሬ ሰጠኝ ከኋላ ቆመው ሲሰሙ ኖሯል። ጽዋውን አምጡ፣ ከየሺሃረግ ቀጥሎ ያለችው እሷ ናት አሉ። እዚያው በሩ ላይ፣ በነዳያኑ መሀል ተቀበልኩት። እማማ ገለቴ እልል አሉልኝ።

እናም የፊታችን እሑድ ደጋሽ ነኝ። ስንዴውን ዛሬ ፈትቼ ወፍጮ ላክሁት። የሰጡኝን ጋግሬ መልሼ አበላቸዋለሁ፣ ጨውም እቀንሳለሁ። ለጠላው የሺሃረግ ጌሾ ይዛ መጥታለች፤ ታርቀናል።

መምሬ ሰጠኝ የሚነሱትን ስሞች ጠየቁኝ። አባታችንን፣ እናታችንን፣ ወንዴን አስጻፍኩ። በሕይወት ካሉትስ ሲሉኝ ያንተን የክርስትና ስም ነገርኳቸው። ጽፈው ሲያበቁ ቀና አሉና፣ ይመጣል ወይ አሉኝ። ይመጣል አልኩ።

ጠላውን የሚቀዳው የተረኛው ቤት ሰው ነው። ድሮ ወንዴ ነበር፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት ጎረቤት ለምኛለሁ። እህቴ ደክማለች የሚል ሰው ጆጉን ይዞ አጠገቤ ቆሞ ይበል። ያኔ አልቆጣም።

የአሸተን ማርያም ከክፉ ትጠብቅህ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ታብቃልህ። ያዘለህ ጀርባዬ ተቀይሞህ አያውቅም፣ አሁንም አልተቀየመህም።

ዱቄት አትላክ፣ ዘይትም አታምጣ። እሑድ ባዶ እጅህን ና።

አዝላ ያሳደገችህ እህትህ